መጀመሪያ ፍሬኑ፣ በመጨረሻ ቀለሙ

«ክላንከር» በእንግሊዝኛ ያረጀ፣ የሚንኳኳ፣ ቅራቅንቦ የሆነ ተሽከርካሪ የሚጠራበት የንቀት ስም ነው። በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ግን ይኸው የንቀት ስም ወደ ክብር ስምነት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ወጣቶች በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ከባድ ብስክሌቶችን ከየጓሮውና ከየአሮጌ ዕቃ ተራው ይለቅሙ ነበር። የማያስፈልገውን ነቅለው፣ የሚያስፈልገውን ገጥመው በተራራ ኮረኮንች ቁልቁል ይለቋቸዋል። ዛሬ በየሀገሩ የምናየው ማውንቴን ባይክ የተወለደው ከዚያ ቅራቅንቦ ነው።

እነሆ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ አሮጌ ፍሬም ፈልጎ በራስ ምርጫ ክላንከር መሥራት እንደገና ፋሽን ሆኗል። ታዲያ ብዙዎቹ ሠሪዎች ፍሬሙ እጃቸው እንደገባ መጀመሪያ የሚያነሱት መፍቻ ሳይሆን የቀለም ማስለቀቂያ ነው። ፍሬሙን ልጠው፣ አብለጭልጨው፣ ፎቶ አንስተው ሲያበቁ «አሁን ምን እንግጠምበት?» ብለው ዕቃ ፍለጋ ይወጣሉ። በእኔ አመለካከት ይህ አሠራር ከእግር ወደ ራስ የተገለበጠ ነው። የክላንከር ሥራ የሚጀምረው ከፍሬን ነው፤ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ይህን የምለው ስለ ብስክሌት ብቻ ተጨንቄ አይደለም። የማሽን ትምህርት የምንማር ሰዎች ነንና ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

እስቲ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንመልከት። በጣም የሚወዱት ሽዊን የሚባለውን ኩባንያ ፍሬም፣ በተለይ ኤክሴልሲየር የተባለውን ዓይነት ነበር። ሽዊን እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ገበያ ያስተዋወቀው 2.125 ኢንች ስፋት ያለው ወፍራም ጎማ ለኮረኮንች የሚመች ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ፓራፋንጎውን፣ የሰንሰለት መሸፈኛውን፣ ማቆሚያውን፣ ለጌጥ የተቀመጠውን የውሸት ታንከር ሁሉ ነቀሉት። ልብ በሉ፤ የነቀሉት ጭነት የማይሸከመውን ነው። ቀለሙ ቢላላጥ ቢዛግ ግድ አልነበራቸውም። እንዲያም ሆኖ ብስክሌቱ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1976 ፌርፋክስ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ የመጀመሪያውን የቁልቁለት ውድድር አካሄዱ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን ወደ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። የውድድሩም የመንገዱም ስም «ሪፓክ» ነው። ትርጉሙ «እንደገና መሙላት» ማለት ሲሆን የሚሞላው ግራሶ ነው። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው፣ በኋላው ሞዞ ውስጥ የተቀመጠው ዓይነት ነበር። አንድ ጊዜ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞዞው ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው እየጨሰ ያልቃል። ስለዚህ ሞዞውን ፈትቶ ግራሶ እንደገና መሙላት ግድ ነበር።

ለምን ጋለ? ይህ እንኳ ለእኛ የመጀመሪያ ዓመት ጥያቄ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ ብስክሌት ይዞ 400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 90 × 9.81 × 400፣ ማለትም ወደ 353 ኪሎ ጁል ነው። ይህ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ወደ መፍላት ለማድረስ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ አየሩና ጎማው የሚወስዱት አለ፤ ቀሪው በሙሉ ግን የሚገባው በፍሬኑ ነው። ጋሪ ፊሸር በዚህ መንገድ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነው። ይህም በአማካይ በሰዓት ወደ 46 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ያውም በአፈርና በድንጋይ ላይ! በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ስለ ፍሬሙ ቀለም የሚያስብበት ጊዜ አለው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ የዕቃ ምርጫቸው ከዚህ ችግር ተነሣ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ ይንሸራተታል። የኋላ ፍሬን ብቻ ያለው ብስክሌት ቁልቁለት ላይ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ክላንከር ሠሪዎቹም ከፊትም ከኋላም ከበሮ መሰል ፍሬን፣ እሱንም አጥብቆ የሚስብ የሞተር ሳይክል የእጅ ማንሻ ገጠሙ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከኩፐርቲኖ የመጡ ወጣቶች በማሪን በተደረገ ውድድር ላይ ብዙ ማርሽ የተገጠመላቸው አሮጌ ብስክሌቶች ይዘው ቀርበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማርሹም እየተለመደ መጣ፤ ቁልቁለቱን የወረደ ሰው አቀበቱንም እየነዳ መመለስ ቻለ።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዕቃ ሌላውን ይጠራል። ከበሮ መሰል ፍሬን ሲይዝ ራሱም አብሮ ሊዞር ስለሚፈልግ የሚይዘው ክንድ ከፍሬሙ ወይም ከፊት ሹካው አንድ እግር ጋር መታሰር አለበት። ያ እግር ደግሞ ተሠርቶ ሲወጣ እንዲህ ያለ ጠማዛ ኃይል ይመጣብኛል ብሎ አልጠበቀም። ፍሬን ካጠነከርክ ሹካውን መፈተሽ፣ ካስፈለገም በጠንካራ መለወጥ ግድ ይልሃል ማለት ነው። ብዙ ማርሽ ከፈለግህ የኋላው ሞዞ ይሰፋል፤ ለአንድ ማርሽ በተሠራ አሮጌ ፍሬም ላይ ክፍተቱ 110 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ዛሬ የተለመደው የተራራ ብስክሌት ሞዞ 135 እና ከዚያ በላይ ነው። ብረት ስለሆነ በጥንቃቄ ሊከፈት ይችላል። ግን በሁለቱም ወገን እኩል መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዘዴውም ቀላል ነው፦ ከኋላ በአንዱ ጎን ገመድ አስሮ፣ በፊተኛው የመሪ ቱቦ አዙሮ፣ በሌላው ጎን መልሶ ማሰርና ገመዱ ከመቀመጫው ቱቦ በግራና በቀኝ ያለውን ርቀት መለካት። እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ጠማማ ነው።

ቸርኬም እንዲሁ ነው። «26 ኢንች ነው» ብሎ መግዛት አይበቃም። ሽዊን ኤስ-2 ብሎ የሚጠራው ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተለመደውን የተራራ ጎማ ይቀበላል። ኤስ-7 የሚባለው ግን ስሙ ያው 26 ኢንች ሆኖ ልኩ 571 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ ጎማ አይገባበትም። 12 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አትታይም፤ ገንዘብ ግን ታስበላለች።

እንግዲህ አስቡት። የፍሬኑን ክንድ ማሰሪያ ብየዳ ገና ሳይበየድ፣ የኋላው ክፍተት ሳይከፈት፣ ሹካው ሳይወሰን ቀለም የቀባ ሰው ምን ይገጥመዋል? ብየዳው ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ መክፈቱ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ እንደገና ልጦ እንደገና መቀባት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። አሮጌ ቀለም ምስክር ነው። ከመሪው ቱቦ ጀርባ፣ ከላይኛውና ከታችኛው ቱቦ ሥር ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ተሰንጥቆ ከታየ ያ ብስክሌት በፊት ለፊት ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ያውቃል። በፔዳሉ ቤት ዙሪያ ወይም የኋላው ጎማ በሚታሰርበት ቦታ ቀጭን የዝገት መስመር በቀለሙ ላይ ከወጣ ከሥሩ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ በማስለቀቂያና በብርጭቆ ወረቀት ካጠፋህ በኋላ፣ ከዚያም ላዩን ስቱኮ ለቅልቀህ ከቀባህበት ፍሬሙ ምን እንደደረሰበት የሚናገርልህ አታገኝም። የሚናገረው ቁልቁለቱ ላይ ሲሰበር ብቻ ነው። የማሪን ሰዎችም ፍሬም ሰብረዋል። ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ከክሮም-ሞሊብዲነም ብረት ለኮረኮንች ብሎ አዲስ ፍሬም የሠራው አሮጌው ፍሬም ለዚህ ሥራ እንዳልተፈጠረ ስለተረዳ ነው።

ስለዚህ ቀለም አይነሣ ማለቴ ነው? አይደለም። ተራውን ይጠብቅ ነው የምለው። መጀመሪያ ፍሬሙን አጥቦ በዓይንና በጣት መመርመር፤ ቀጥሎ የሚፈታውን ሁሉ መፍታት፤ የሚጠረጠረውን ቦታ ብቻ ገልጦ ማየት፤ ፍሬንና ጎማ ገጥሞ መንዳትና መፈተሽ፤ ሁሉም ነገር ሲያልቅ እንደገና ፈትቶ መላጥና መቀባት። ስንላጥም ሥርዓት አለው። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግና በእሳት ማቃጠል ለሳንባም ለአንጎልም ጠንቅ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነኩ መሥራት፣ ጭምብል ማድረግ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ማስወገድ ይገባል። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማስለቀቂያ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ገድሏል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። በሞተር የሚዞር መፈግፈጊያም ቀጭኑን ቱቦ ይበልጥ ያሳሳዋል፤ የተቀረጸውንም መለያ ቁጥር ይበላዋል። ቁጥሩ የጠፋ ፍሬም መቼ እንደተሠራ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ «ከየት ሰረቅኸው?» የሚልም አይጠፋም።

«ወንድሜ፣ ክላንከር እኮ ለደስታ የሚሠራ ነገር ነው፤ እነዚያ የማሪን ልጆች ምን ስሌት ሠርተው ነበር?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ በወረቀት ላይ አላሰሉም። ነገር ግን ተራራው ያሰላላቸው ነበር። በየሳምንቱ መጨረሻ እየወረዱ፣ የተቃጠለውን እየለወጡ፣ የተሰበረውን እየጣሉ ተማሩ። ለግድግዳ ጌጥ የሚሠራ ሰው ያ አስተማሪ የለውም። ለጌጥ ከሆነ ደግ፣ ይስቀለው። ሰው ሊቀመጥበት ከሆነ ግን ፍሬኑ ይቅደም።

አሁን ወደ እኛ ዲፓርትመንት ልምጣ። የፕሮጀክት ማሳያ ቀን ሲደርስ ወርክሾፑ የሚሸተው ቀለም ነው። የተበየደው ሳይፈተሽ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ቀለም ይረጫል፣ በማግስቱ ፎቶ ይነሣል። ተማሪው ጥፋተኛ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ውጤት የሚሰጠው ለሚታየው ከሆነ የሚታየውን መሥራቱ ብልህነት ነው። መለወጥ ያለበት የምንለካበት መንገድ ነው። እንደ ባሕር ዳር ባለ ብስክሌት በበዛበት ከተማ መንገድ ዳር የሚሠራ ጠጋኝ እንኳ ብስክሌት ሲመጣለት መጀመሪያ ጎማውን አንሥቶ ያሽከረክራል፣ ፍሬኑን ይጨብጣል። ቀለሙን አይጠይቅም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት የወርክሾፕ ልምምድ አንድ አንድ አሮጌ ብስክሌት ለየቡድኑ ይሰጥ። ተማሪው ከሥራው ጋር አንድ መዝገብ ያቅርብ፦ ምን ነቀልኩ፣ የነቀልኩት ጭነት ይሸከም ነበር ወይ፣ ምን ገጠምኩ፣ የገጠምኩት በሌላው ላይ ምን አመጣ። በመጨረሻም ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ በስንት ሜትር እንደቆመ ይለካ። ለቀለም ምንም ማርክ አይሰጥ። መምህራን እንዲህ ቢያደርጉ ተማሪው ራሱ ማስለቀቂያውን አስቀምጦ መፍቻውን ያነሣል ብዬ አምናለሁ።

የጆ ብሪዝ የመጀመሪያ የተራራ ብስክሌት ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። እዚያ ያደረሰው ማብለጭለጩ አይደለም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ መቆም መቻሉ ነው። ቸር ይግጠመን።