የስንዴ አገር ልጆች ለምን ስለ አፕል ይማራሉ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይታመሳል። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ያኔ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንቀስራለን፦ መምህሩ፣ ኩረጃው፣ ፈተናው፣ ሚኒስቴሩ። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ስለሚሠራ ጥፋት ነው። የሚሠራው በትንንሽ ወንበሮች መካከል፣ ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ በተሣለበት ክፍል ውስጥ ነው። ከፍለንበታል፣ አጨብጭበንለታል፣ በዓመቱ መጨረሻም ለሕፃኑ ጋውን አልብሰን ፎቶ ተነስተንበታል።

ክሴ አጭር ነው። ብዙዎቹ መዋዕለ ሕፃናቶቻችን ልጅ አያስተምሩም፤ ያስገለብጣሉ። የአራት ዓመት ሕፃን ቁጭ ብሎ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣል፣ እስከ 100 በቃሉ ይቆጥራል፣ የማይገባውን ቋንቋ በዜማ ይደግማል። ሰባት ፍሬ ባቄላ ፊቱ ዘርግታችሁ "ሦስቱን ስጠኝ፤ ስንት ቀረህ?" ብትሉት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ቁጥሩን በአፉ ይዞታል፤ በእጁ ነክቶት አያውቅም።

አሰላን ምሳሌ ላድርግ። ከሌላው ከተማ ስለምትብስ አይደለም፤ ነገሩ እዚያ አፍጥጦ ስለሚታይ ነው። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዙሪያዋ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ተልባ ነው። ቅርቧ ቁሉምሳ አለ፤ የስንዴ ዝርያ የሚፈተሽበት የግብርና ምርምር ማዕከል። ከተማዋ ውስጥ የብቅል ፋብሪካ አለ። ወፍጮ ቤት፣ ጋሪ፣ ፈረስ፣ ባጃጅ አለ። መኸር ሲደርስ ኮምባይነር በመንገዱ ያልፋል። ለሕፃናት ማስተማሪያ የሚሆን ነገር እንዲህ በነፃ የተከመረበት ቦታ ብዙ የለም።

ኬጂ የገባችው የአሰላ ልጅ መጽሐፏን ስትገልጥ ግን የምታገኘው አፕል ነው። ቀጥሎ ስትሮቤሪ ይመጣል። "የዓመቱ ወቅቶች" የሚለው ገጽ ላይ ኮፍያ ያደረገ የበረዶ ሰው ቆሟል። ደጇ ላይ ያለው ክረምትና በልግ፣ አያቷ በአፋን ኦሮሞ ገና፣ ቢራ፣ ቦና፣ አርፋሳ እያሉ የሚቆጥሯቸው ወቅቶች መጽሐፉ ውስጥ የሉም። ልጅቷ ከዚህ የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ ትምህርት ማለት እኔ ስለማላውቀው፣ ስለማልነካው አገር የሚወራ ነገር ነው። ይህን በአራት ዓመቷ ካመነች በ12ኛ ክፍል በቃሏ ሸምድዳ ብትወድቅ ለምን ይገርመናል?

የፊደሉ ነገር ይብሳል። የአሰላ ልጆች ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞንም አማርኛንም እየሰሙ ያድጋሉ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። እንግሊዝኛም እንዲሁ። ድምፃቸው ግን አይገጥምም፦ እንግሊዝኛው "ኤክስ" የሚላት ፊደል በቁቤ "ጥ" ናት፤ "ሲ" የሚላት "ጭ"፤ "ኪው" የሚላት "ቅ"። በዚህ ላይ የአማርኛውን 33 ፊደል በ7 ሆሄ ጨምሩበት፣ 231 ቅርፅ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንዴ አራት ዓመት ላልሞላት ልጅ አሸክመን "ጎበዝ ኬጂ" እንላለን። መጀመሪያ የሚያስፈልጋት በምትናገረው ቋንቋ ብዙ ቃል ማወቅ፣ ተረት መስማት፣ እንቆቅልሽና ሂቦ መጠያየቅ፣ ድምፅን ከድምፅ በጆሮዋ መለየት ነው። ቅርፁ ከዚያ በኋላ ቦታ ያገኛል።

የሚገርመኝ አርሲ ይህን ቀድሞ ማወቁ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የምንለው፣ አሰላ ላይ ተመሠረተ። ካዱ የራሱ ጣጣ ነበረበት፤ ትራክተሩ ሲገባ ከመሬቱ የተነቀለው ጭሰኛ ታሪክ አይረሳም። የማስተማሪያ ዘዴውን ግን ልብ በሉት። ገበሬውን ደብተር አስይዞ "ማዳበሪያ" የሚል ቃል አላስገለበጠውም። የሠርቶ ማሳያ ማሳ አዘጋጀ፣ ሞዴል ገበሬ መረጠ፤ ጎረቤት መጥቶ አየ፣ ዛላውን በእጁ ይዞ መዘነ፣ ጠየቀ፣ ተከራከረ። በቆጂም እንዲሁ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ባፈራችው ከተማ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን ያሠለጠኑት አስነሥተው በማስሮጥ ነው፤ "ሩጫ" የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ በማስጻፍ አይደለም።

ታዲያ ጢም ያወጣ ገበሬ ካልነካ አይገባውም ብለን ሠርቶ ማሳያ የምናዘጋጅ ሰዎች፣ የአራት ዓመት ሕፃን በጆሮው ብቻ ይገባዋል ብለን እንዴት አመንን?

ምን ይደረግ ለምትሉ፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። በጭብጥ ማስተማር ይባላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አንድ ርዕስ ይያዛል፤ ቁጥሩም፣ ቋንቋውም፣ ሥዕሉም፣ ዘፈኑም በዚያ ርዕስ ዙሪያ፣ በእጅ እየተሠራ ይሄዳል። ርዕሱ "ስንዴ" ነው እንበል።

ሰኞ፦ ልጆች ስንዴ፣ ገብስ፣ አተርና ባቄላ ከተደባለቀበት ሰፌድ ይለያሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ፍሬ መልቀም በኋላ እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች ያጠነክራል፤ መለየትና መመደብ ደግሞ የሒሳብ መጀመሪያ ነው። ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ይጠሩታል፦ ስንዴ ቀመዲ፣ ገብስ ገርቡ።

ማክሰኞ፦ በጣሳና በቁና ይሰፍራሉ። አንድ ቁና ስንት ጣሳ ይይዛል? አስቀድመው ይገምታሉ፣ ከዚያ ሰፍረው ያያሉ። ቀጭኑ ረጅም ጣሳና ሰፊው አጭር ጣሳ እኩል ሲይዙ የሚፈጠረውን ክርክር መምህሯ አትቁረጠው፤ ትምህርቱ እሱ ነው።

ረቡዕ፦ ግርዱን በሰፌድ ያበጥራሉ። ገለባው ለምን ይበራል? ፍሬው ለምን ይወድቃል? መልሱን አትንገሯቸው። ወረቀት፣ ጠጠርና ላባ ስጧቸውና ይሞክሩት።

ሐሙስ፦ በቆርቆሮ ጣሳ ይዘራሉ። አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ጨለማ ሣጥን ውስጥ፣ አንዱን ያለ ውኃ። በየቀኑ ቁመቱን በጭድ ይለኩና ጭዱን ወረቀት ላይ ይለጥፋሉ። ግራፍ የሚባለውን ነገር በአምስት ዓመታቸው ሠሩት ማለት ነው።

ዓርብ፦ እቃ እቃ። አንዱ ወፍጮ ቤት፣ አንዷ ዳቦ ሻጭ፣ አንዱ ባለጋሪ ይሆናሉ። ገንዘቡ ቆርኪ ነው። አንዲት አያት ተጋብዘው ጩኮ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ፣ ተረትም ይነግራሉ። ልጆቹ ያዩትን ይሥላሉ፤ መምህሯ እያንዳንዱ ልጅ ስለ ሥዕሉ የሚናገረውን አንድ ዐረፍተ ነገር ከሥሩ ትጽፍለታለች። ያኔ ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ይገባዋል፦ ጽሕፈት ማለት እኔ የተናገርኩት ነው።

ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ስንት ነው? ከአንድ ባለቀለም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዋጋ አይበልጥም። በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሱ "ዝናብ" ይሁን፣ ከዚያ "ገበያ"፣ ከዚያ "ጋሪና ባጃጅ"።

የሚነሡትን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ።

1ኛ. "ጨዋታውን ቤትም ይጫወታል፤ ለዚህ ነው የምከፍለው?" ቤት ይጫወታል፤ ሲጫወት ግን "ለምን ይመስልሃል? እስቲ ቁጠረው፤ ብንገለብጠውስ?" የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። ክፍያው ለዚያ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የማታውቅ መምህር ያላት ክፍል በአሻንጉሊት ብትሞላም ዋጋ የላትም።

2ኛ. "በእህል መጫወት ነውር ነው።" ይህን አከብራለሁ፤ እህል የሚከበርበት አገር ነን። ስለዚህ ግርድ ይወሰድ፤ ሲያልቅ ለዶሮ ይሰጥ፤ የተዘራው ይብቀል። እንዲያውም እህል ማክበር የሚለመደው አብጥሮ፣ ሰፍሮ፣ ዘርቶ ባየ ልጅ ነው። አንድ እውነተኛ ጥንቃቄ አለ፦ በጣም ትንንሾቹ ባቄላና አተር አፍንጫቸው ውስጥ ይከታሉ። ለእነሱ ትልልቅ ጠጠርና ክዳን ይሁን፣ ዐይንም አይነቀል።

3ኛ. "60 ልጅ ይዤ እንዴት?" ይህ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ የመምህራኑ እንጂ የባለቤቶቹ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ እሰማዋለሁ። መልሱ ክፍሉን በማዕዘን መክፈል ነው። አንዱ ቡድን ይለያል፣ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ውጭ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላል፣ መምህሯ ከአንዱ ጋር ትቀመጣለች፤ ከዚያ ይዞራሉ። 60 ልጅ ዝም አሰኝቶ ማስገልበጥ ይቀላል፤ እውነት ነው። የቀለለው ግን ለአዋቂው ነው። ለ60 ልጅ አንዲት መምህር መመደብም መስተካከል ያለበት በደል ነው፤ ሁለተኛ ረዳት መቅጠር የባለቤቱና የመንግሥት ዕዳ ነው።

4ኛ. "ወላጅ የሚፈልገው እንግሊዝኛ ነው።" እዚህ ላይ ኬጂዎቹ አልዋሹም። ጥፋቱ የእኛም ነው። የልጃችንን ደብተር ገልጠን ቀይ "ጉድ" ካላየን ገንዘባችን የባከነ ይመስለናል። እንግሊዝኛ ይማር፣ ማን ጠላው! ግን በዘፈን፣ በጨዋታ፣ በልኩ፤ በሚያስብበት ቋንቋ ላይ ተደርቦ እንጂ እሱን ነቅሎ አይሁን።

"ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚል ካለ ደግሞ፣ ቅንጦቱስ የበረዶ ሰው ያለበት መጽሐፍ ነው። ፍሬበል የተባለው ጀርመናዊ በ1840 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ቤት ስም ሲያወጣ "የሕፃናት የአትክልት ቦታ" አለው፤ ልጆች የሚተክሉበት፣ በእንጨት ቅርጾች የሚሠሩበት ቤት ነበር። ፊንላንድ መደበኛ ትምህርት የምትጀምረው በ7 ዓመት ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን በ1962 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የፔሪ ጥናት፣ በማቀድና በመሥራት የተማሩ የድኻ ቤተሰብ ልጆች እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትለዋቸው፣ ያንን ዕድል ካላገኙት በገቢም በኑሮም ተሽለው ተገኙ። በሌላ በኩል በቴነሲ ግዛት የመንግሥት ቅድመ አንደኛ የገቡ ልጆች 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ካልገቡት ያነሰ ውጤት አምጥተዋል። ክፍል መክፈት ብቻውን ልጅ አያድንም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ነው የሚወስነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ መንግሥትን ይመለከታል። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ቅድመ አንደኛ የሚገባው ልጅ 5 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል ተከፈተና ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ብዙ እጥፍ አደገ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክደውም። የ2002ቱ የቀዳማይ ልጅነት ማዕቀፍ ስለ ሕፃናት ሁለንተናዊ ዕድገት ያወራል፤ የ2015ቱ ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ አስቀምጦታል። ወረቀቱ ደህና ነው። ከአሰላ ወጥታችሁ ወደ ሳጉሬ ወይም ወደ በቆጂ ገጠሮች ስትሄዱ ግን ዜሮ ክፍል ብዙ ጊዜ ትርፍ የሆነች ክፍል፣ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ዴስክ፣ ሰሌዳና ጠመኔ ናት። የግሉ በእንግሊዝኛ ያስገለብጣል፣ የመንግሥቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስገለብጣል። ልዩነታቸው ቋንቋው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሦስት ሰዎች አቀርባለሁ።

ለሱፐርቫይዘሩ፦ ክፍል ስትገባ ደብተር አትቁጠር። ልጆቹ በእጃቸው ምን እንደያዙ እይ፤ መምህሯ የጠየቀችውን ጥያቄ ቁጠር።

ለባለ ኬጂው፦ ለጋውንና ለግድግዳ ሥዕል የምታወጣውን ገንዘብ ግማሽ ለመምህራን ደመወዝና ሥልጠና አድርገው።

ለወላጅ፦ ምዝገባ ስትሄዱ "ስንት ትምህርት በእንግሊዝኛ ትሰጣላችሁ?" የሚለውን ተዉትና "ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ምን ሠሩ? አሳዩኝ" በሉ። የበቀለ ነገር፣ የተለጠፈ ጭድ፣ ጭቃ የነካው እጅ ካሳዩአችሁ አስመዝግቡ። የሚያሳዩአችሁ የደብተር ክምር ብቻ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

አስተያየታችሁን፣ በተለይ ክፍል ውስጥ ያላችሁ መምህራን፣ ከሥር አስቀምጡልኝ። የተለየ ሐሳብ ያለውም ይምጣ፤ ልጆቹ የሁላችንም ናቸው።