በዋስነት ያልፈረመ ሰው ስለ ሌላ ሰው ዕዳ አይደወልለት

ሰው የሚጠየቀው በተበደረው ወይም ዋስ በሆነበት ገንዘብ ነው። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው፣ እናት ትሁን ጎረቤት፣ የሥራ አለቃ ይሁን የዕድር ዳኛ፣ ተደውሎለት «እገሌ ዕዳውን አልከፈለምና ንገሩት፤ እሱ ካልከፈለ እናንተ ትጠየቃላችሁ» ሊባል አይገባም። የብድር አስመላሽ ጥሪ ተበዳሪውን አልፎ ዘመድ አዝማዱን ማዳረስ ሲጀምር ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የሰው ክብርና የቤት ሰላም ይነካል። እንዲህ ያለው ጥሪ የሕግ መሠረት የለውም። በሸዋ የብድርና የዋስትና ወግም ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ መቆም አለበት እንላለን።

ድሮ ከባንክ ለመበደር ቤት ወይም መኪና ማስያዝ፣ አለዚያም ደመወዝተኛ ተያዥ ማቅረብ ግድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን አገልግሎቶች ሲጀምር፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» በሚል ስም ያለ መያዣ ማበደር ሲይዝ፣ ብድር ከባንክ መስኮት ወጥቶ በእጅ ስልክ ገባ። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ሴት ቤት ሳይኖራት፣ ተያዥም ሳትለምን የነገ መነገጃዋን ማግኘት መቻሏ ትልቅ ነገር ነው። ይህን እንደግፋለን፤ እነዚህን ተቋማት በስም ጠርተን የምንከስበትም ነገር የለንም። የምንለው ሌላ ነው። መያዣም ዋስም የሌለው ብድር ሳይመለስ ሲቀር በአበዳሪው እጅ የሚቀረው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የተበዳሪው ስልክ የተዘጋ ዕለት ደግሞ በቅጹ ላይ በቅርብ ተጠሪነት ወደ ተጻፈው የእኅት ወይም የጓደኛ ቁጥር መደወል ቀላሉ መንገድ ሆኖ ይታያል።

ያቺ እኅት ግን ምንም አልፈረመችም። ቁጥሯ መጻፉንም ላታውቅ ትችላለች። ቁጥሩ የተሰጠው ተበዳሪው ቢታመም ወይም አድራሻው ቢጠፋ ለመጠየቅ ነው እንጂ ዕዳውን ለማሸከም አይደለም።

የሚዘነጋም ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ካርድ ቁጥሩ ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል፤ አዲሱ ባለቤትም ከቁጥሩ ጋር የማያውቀውን ሰው ዕዳ ጥሪ ሊወርስ ይችላል። አንኮበር ገጠር ውስጥ ደግሞ አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ፣ ሲቸግርም የጎረቤት ጭምር ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያ ጣቢያዎች የሰፈሩ ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ንብረታቸውንም መታወቂያቸውንም ስልካቸውንም ጥለው የመጡ ናቸው። በዚህ ሁኔታ «ቁጥሩ የእሱ ስለነበረ እሱን ጠየቅን» ማለት በቂ ማጣራት አይደለም።

እንዲህ ያለው ጥሪ ገንዘብ የሚያስመልሰው ሕግ ስለሚደግፈው ሳይሆን እኛ ይሉኝታ ስላለን ነው። አንድ ዕድር፣ አንድ ማኅበር፣ አንድ ሰንበቴ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። ከጎረቤላ ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጅዎ ባለዕዳ ነው፤ ነገ ፖሊስ ይመጣል» ቢባሉ የውል አንቀጽ አይጠይቁም። በግ አውጥተው ይሸጣሉ፤ ካልሞላም ከጎረቤት ይበደራሉ። ልጁ በአንድ ስህተት የገባበት ዕዳ እንዲህ ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛው የሚወድቀውም አንድም ሳንቲም ባልቀመሱት እናት ላይ ነው። ደዋዩ ይህን ያውቃል። የሰውን ይሉኝታ በመያዣነት ወስዶ ገንዘብ መሰብሰብን ይህ ጋዜጣ የሥራ ብልኃት ብሎ አይቀበለውም፤ በደል ነው።

አንዳንዶች «በአገራችን ቤተሰብ ለቤተሰብ ዕዳ መቆሙ የኖረ ነው» ይላሉ። የኖረው ግን እንዲህ አይደለም። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ፣ አበዳሪና ባለዕዳ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። የቁራኛ ሥርዓት ጨካኝ ነበር፤ እንዲመለስ የሚመኝም የለም። ነገር ግን ከአበዳሪው ጋር የሚቆራኘው ራሱ ባለዕዳው ነበር። «ዋስ ጥራ» ሲባል የሚጠራው ሰው በሰው ፊት ቆሞ፣ በገዛ አንደበቱ «ዋስ ነኝ» ካላለ ዋስ አይሆንም፤ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ግን ማምለጫ አልነበረውም። በሌለበት፣ ሳያውቅ፣ ስሙ በሌላ ሰው ስለተጠራ ብቻ ዋስ የሚሆን ሰው አልነበረም። ያልበደለ ሰው ከበደለው ጋር የሚከፍልበት ሥርዓት አልነበረም ማለታችን አይደለም። ሌባ ሲጠፋ የአገሩን ሰው ሰብስቦ የሚያስወጣው፣ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀርም ኪሣራውን በነዋሪው ላይ የሚጥለው አፈርሳታ እንዲያ ነበር። አገሪቱ ያን ትታ ወደ ዘመናዊ ሕግ የገባችው ሰው በራሱ ሥራና በራሱ ቃል ብቻ እንዲጠየቅ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1952 ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሦስተኛ ወገን የሚነካው ሕግ በፈቀደው ሁኔታ ብቻ ነው። ዋስትናን በተመለከተ ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቃል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይያዝም፤ በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ አይጸናም። በአንቀጽ 1725 መሠረት በጽሑፍ መሆን አለበት። በአንቀጽ 1727 መሠረት ደግሞ ጽሑፉ የተዋዋዮቹንና የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከስልክ ጥሪ ጋር አስተያዩት። ፊርማ የለም፣ የገንዘብ ጣሪያ የለም፣ ምስክር የለም። አንድ ሰው ተጨንቆ በስልክ «እሺ፣ እኔ እከፍላለሁ» ቢል እንኳ በዚያ ብቻ ሕጋዊ ዋስ አይሆንም።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለባቸው ልዩነቶች አሉ። ባልና ሚስት ለቤተሰባቸው ጥቅም የገቡት ዕዳ የሁለቱ ነው፤ «እኔ አልፈረምኩም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። የሟች ዕዳም ከሟች ጋር አይቀበርም፤ ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ከውርሱ ላይ ይከፈላል። አባት ዕዳ ትቶ ስለሞተ ግን በሐዘን ቤት ለተቀመጠ ልጅ ደውሎ ከገዛ ኪሱ እንዲከፍል ማስፈራራት ሌላ ጉዳይ ነው።

በዋስነት የፈረመ ሰው ደግሞ ይጠየቅ። በዚህ አናመነታም፤ የባንክ ገንዘብ የቆጣቢ ገንዘብ ነውና። በአማራ ክልል የገጠሩ ሰው ብድርን በዋናነት ያወቀው ኋላ ፀደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሰዉ «አብቁተ» በሚለው፣ በኩል ነው። የተቋሙ የቡድን ብድርም የቆመው አባላት አንዱ ለሌላው ዋስ በመሆናቸው ነው። መሬቱን በመያዣነት ማስያዝ ላልቻለ ገበሬ ይህ አሠራር በር ከፍቷል። ነገር ግን ዋስም መብት አለው። ቀላል ዋስ የሆነ ሰው በአንቀጽ 1934 መሠረት አበዳሪው አስቀድሞ በባለዕዳው ንብረት ላይ እንዲሄድ መጠየቅ ይችላል። የከፈለ ዋስም ገንዘቡን ከባለዕዳው መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። «በአንድነትና በነጠላ» በሚል ውል ላይ የፈረመ ግን ያ የመጀመሪያው መከላከያ የለውም፤ አበዳሪው በቀጥታ ወደ እሱ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈርመው ይህን ሐረግ ሳያነብ ነው። የብድር ባለሙያው ፊርማ ከመቀበሉ በፊት ሐረጉን ጮክ ብሎ ቢያነብና ቢያስረዳ ሥራው አይጎድልም።

በሰሜን ሸዋ የዋስ ጉዳይ ሌላም ቁስል አለው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ ገበያ መውጣት ያልቻለ ገበሬ መክፈል ቢያቅተው ሰነፍ ነው አይባልም፤ ለእሱ የፈረመው ጎረቤትም ከእሱ ባልተናነሰ ተጎድቷል። እዚህ ላይ አበዳሪዎች መያዝ የነበረባቸው መንገድ የመክፈያ ጊዜ ማራዘምና ከተበዳሪው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ነው። ተበዳሪ ስልክ የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገረው ሰው እንደሌለ ሲያምን ነው።

ባንኮች ያለ ጎረቤት ጥሪ ገንዘባቸውን ማስመለስ አይችሉም የሚባለውንም አንቀበልም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መያዣን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ምርት ጭምር በመያዣነት እንዲያዝ ፈቅዷል። በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከልም ብድሩን ያልመለሰ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ሌላ ብድር ሲጠይቅም ይታያል። ፍርድ ቤትም አለ። ይህ ሁሉ መሣሪያ በእጁ ያለ ተቋም የባለዕዳውን አክስት የሚያስፈራራበት ምክንያት አይታየንም።

ጎረቤታችን ኬንያ በስልክ ብድር ከእኛ ቀድማ ስለገባች ችግሩንም ቀድማ ቀምሳዋለች። እዚያ አበዳሪ ድርጅቶች ከተበዳሪው ስልክ ላይ የተመዘገቡ ስሞችን እየወሰዱ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይደውሉ ነበር። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ይህን ከለከለ። በ2016 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት ሙላ ፕራይድ የተባለውን አበዳሪ፣ ከሦስተኛ ወገን ያገኘውን የሰዎች ስምና ቁጥር ለማስፈራሪያ መልእክትና ጥሪ ተጠቅሞበታል ብሎ 2,975,000 የኬንያ ሽልንግ ቀጣው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ወደ ሌላ ሰው የሚደውለው የባለዕዳውን አድራሻ ለማጣራት ብቻ እንዲሆን፣ ዕዳ መኖሩንም እንዳይናገር ደንግጋለች።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ መጠቀምን ይገድባል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በስልክና በመልእክት ማስፈራራትም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። የጎደለው ዝርዝር ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ስሙ እንደሚለው የሚያስበው ለደንበኛው ነው፤ ደንበኛ ያልሆነችው እኅት ግን መሐል ሜዳ ላይ ቀርታለች። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮችም፣ ለማይክሮፋይናንስ ተቋማትም፣ በስልክ ለሚያበድሩም አንድ ግልጽ ትእዛዝ እንዲያወጣ እንጠይቃለን። ተበዳሪና ዋስ ላልሆነ ሰው ስለ ዕዳ መናገር ይከልከል፤ አድራሻ ለማጣራት የሚደረግ ጥሪ ቢፈቀድ እንኳ አንዴ ብቻ ይሁን፤ «ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ሰውየውን አላውቀውም» ያለ ሰው ቁጥሩ በዚያው ቀን ከመዝገብ ይውጣ። ቅሬታ የሚቀርብበት ስልክም በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራንም የዋስትናን ሕግ በገበያ ቀን፣ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ ቢያስተምሩ ብዙ ቤት ይድናል።

ትእዛዙ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው አንባቢ አይደንግጥ። የደዋዩን ስም፣ የሚሠራበትን ተቋምና ቅርንጫፍ ይጠይቅ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ መልእክት ከሆነ አያጥፋው። «ፈርመሃል» ከተባለ ፊርማው ያለበትን ውል በአካል ቀርቦ ለማየት ይጠይቅ። የባለዕዳውን የሥራ ቦታም ሆነ የሌላ ዘመድ ቁጥር የመስጠት ግዴታ የለበትም። የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የሚመጣ መለያ ቁጥር ለማንም አይስጥ፤ በብድር አስመላሽ ስም የሚደውል አጭበርባሪ የሚፈልገው እሱን ነው። ዛቻው ካልቆመ ለተቋሙ ዋና መሥሪያ ቤትና ለብሔራዊ ባንክ በጽሑፍ ያመልክት፤ የሚያሰጋ ከሆነም ለፖሊስ ያስመዝግብ። አረጋውያን ወላጆች ያሏችሁ ልጆች ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ውል በዓይናችሁ ሳታዩ፣ ፊርማችሁንም ሳታረጋግጡ ግን ማንም ቢደውል አንድ ብር አትክፈሉ።