ዘንድ አንቀጽ ለከርሞ አይደር

ስፓኒሽ የሚማር ሰው ሱብሁንቲቮ የሚባለውን እርባታ፣ የእኛን ዘንድ አንቀጽ መሰሉን፣ የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። የስፔኑ ሰርቫንቴስ ተቋም ሥርዓተ ትምህርት የአሁን ጊዜውን ሱብሁንቲቮ ያስቀመጠው በሦስተኛው ደረጃ፣ በቢ1 ላይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ያህል መቆየቱ ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። እርባታው እንደሚወራለት አያስፈራም፤ ከአንደኛ መደብ ተነስቶ የመጨረሻውን «ኦ» መጣል ነው። ከዚያ ግሱ በ«አር» የሚያልቅ ከሆነ «ኤ»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» የሚያልቅ ከሆነ «አ» ይገባል። «አብሎ» (እናገራለሁ) «አብሌ»፣ «ኮሞ» (እበላለሁ) «ኮማ»፣ «ቢቦ» (እኖራለሁ) «ቢባ» ይሆናል። ወጣ ያለው «ቴንጎ» (አለኝ) እንኳ ደንቡን ጠብቆ «ቴንጋ» ይላል። አንደኛ መደባቸው በ«ኦ» የማያልቅ እንደ «ሴር» ያሉ ጥቂት ግሶች ለብቻቸው ይጠናሉ።

ቅርጹ ቀላል ነው፣ ጭንቁ መቼ እንደሚገባ ማወቁ ላይ ነው የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ የጥርጣሬውና የስሜቱ አገባብ ይቆይ። ትእዛዝ ግን አይቆይም፤ ክልከላውም የአክብሮት ትእዛዙም የሚነገረው በዚሁ እርባታ ነውና። ማጨስ ሊከለክል ፈልጎ «ኖ ፉማ» ያለ ሰው «አያጨስም» ብሎ ወሬ ነገረ እንጂ አልከለከለም፤ «አያጭሱ» ለማለት «ኖ ፉሜ» ያስፈልገዋል። አንድን አዛውንት «ፓሳ» ቢላቸው «ግባ» ማለቱ ነው፤ አክብሮቱ ያለው «ፓሴ» ውስጥ ነው። እኛም እኮ «ግባ» የምንለውን ለእርስዎ ስናደርገው «ይግቡ» ብለን ወደ ሦስተኛ መደብ እንሻገራለን፤ ስለ ሌላ ሰው «ይግባ» ስንልም ስፓኒሹ «ኬ ፓሴ» ነው። ተማሪው መንገዱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል።

ሁለት እርባታ በአንድ ጊዜ ጀማሪን ያምታታል፣ «ኮሜ» (ይበላል) ከ«ኮማ» ጋር ይቀላቀልበታል የሚለው ስጋት ከዚህ የከበደ ነው። ነገር ግን አንዱን ብቻ ለወራት ሲደጋግም የከረመ አፍ በኋላ ለመመለስ የበለጠ ይቸገራል ባይ ነኝ። በአብነት ትምህርት ቤት የግእዝ ግስ ሲረባ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» ይባላል፤ ሦስተኛው ዘንድ፣ አራተኛው ትእዛዝ ነው። የ«ይቀትል»ና የ«ይቅትል» ልዩነት ትንሽ ብትሆንም ተማሪው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ጎን ለጎን ሲሰሙ ነውና ልዩነታቸው የሚለየው። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪዎችን ስፓኒሽ የምታስተምሩ፣ «አትናገር»ንና «ይናገሩ»ን ከመጀመሪያው ወር አስገቡ፤ ሌላው አገባብ በየተራው ይድረስ።