የድመት ልጆች አይጣሉ!



ድመት ስትወልድ ልጆቿን በማዳበሪያ አድርጎ ቦይ ዳር የሚጥል ሰው አለ። እኔ ግን ይሄ ልክ አይደለም እላለሁ። አይጥ ሲያስቸግረን ድመት እንፈልጋለን፤ ስትወልድ ደግሞ «በዙብን» እንላለን። ይሄ ፍርድ ነው እንዴ?

የድመት ልጆች ሲወለዱ አያዩም፣ አይሰሙም። ዓይናቸው የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የምታሞቃቸውም የምታጠባቸውም እናታቸው ናት። ያለ እሷ ብዙ አይቆዩም።

እንክብካቤው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አንጥፎ ጭር ያለ ጥግ ማስቀመጥ፣ ለእናትየዋ ምግብና ውሃ መስጠት ነው። ለልጆቹ የላም ወተት አንስጥ፤ ሆዳቸውን ያበላሸዋል። ታናናሾቻችንም እንዳይነካኳቸው እንንገራቸው። አራስ ድመት ትቧጭራለቻ! ከረበሽናትም ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ ትወስዳቸዋለች።

«ማን ያሳድጋቸዋል?» ለምትሉ፣ 8 ሳምንት ሲሞላቸው አይጥ ላስቸገረው ጎረቤት ይሰጣሉ። ሁለት ወር መታገስ ያቅተናል? እኔ አያቅተንም ባይ ነኝ። ቤታችሁ ድመት ከወለደች፣ ማዳበሪያው ሳይመጣ ይህን ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩልኝ።