ቡና ላይ የማይነሳው በሽታ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና ሲፈላ የማይነሳ በሽታ የለም፤ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ደረጃ ስንወጣ የሚይዘን የጉልበት ሕመምም ይወራል። ብልት ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ግን ስሙም አይጠራም። መጠራት አለበት ባይ ነኝ፤ ሰው የሚጎዳው ተደብቆ ሲቆይ ነውና።

የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው፤ በተለይ 6 እና 11 የተባሉት ዓይነቶቹ። ኪንታሮቱ ሲጀምር ትንሽ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ቢኬድ በሚቀባ መድኃኒት ወይም በቀላል ሕክምና ይነሳል። የሚያፍር ሰው ግን ምሰሶ ላይ በተለጠፈ ስልክ ደውሎ፣ ምንነቱ ባልታወቀ መድኃኒት ሥጋውን ያስበላል። ተደብቆ ሲከርም፣ ይልቁንም ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም፣ አልፎ አልፎ ወደ ግዙፍ እብጠት ይለወጣል። ቡሽከና ሌቨንሽታይን የተባሉ ጀርመናውያን ሐኪሞች በ1925 እ.ኤ.አ. ስለጻፉበት በስማቸው ይጠራል። ከላይ አበባ ጎመን ይመስላል፤ ወደ ውስጥም እየገፋ ሥጋ ያበላሻል፤ ይደማል፣ ይሸታል፣ መቀመጥ ይከለክላል፤ ወደ ካንሰርም ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ተቆርጦም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ከሕመሙ እኩል የሚያስፈራኝ ትዳር ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ባል ሚስቱን «ከማን አመጣሽው?»፣ ሚስት ባሏን «ከማን አመጣኸው?» ብለው ቤት ይፈርሳል። ቫይረሱ ግን ከገባ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል። ዛሬ የወጣ ኪንታሮት የትናንት ማመንዘር ማስረጃ አይሆንም። ይህን አንድ ሐኪም ለሁለቱም ቁጭ አድርጎ ቢነግራቸው ስንት ቤት በተረፈ ነበር!

የኤችፒቪ ክትባት አገራችን የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ በ2017 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ። የምናውቀው የማኅፀን በር ካንሰርን በመከላከሉ ነው፤ የተጀመረበት ክትባት ግን 6 እና 11ንም ይከላከላል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

ወንዶች ልጆቻችንስ? ክትባቱ በማይበቃበት ጊዜ ለሴቶቹ መቅደሙ ትክክል ነበር። አውስትራሊያ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንዶቹንም በትምህርት ቤት ትከትባለች። ጤና ሚኒስቴር የእኛዎቹ ተራ መቼ እንደሚደርስ ቢነግረን እንወዳለን።