የተሸላሚው ፎቶግራፍ ባለቤት ማን ነው?



የፎቶግራፍ ክበባችን በውድድር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትን ሥዕሎች ከዚሁ ከግድግዳ ጋዜጣችን አጠገብ ሲለጥፍ ከብበን ማየታችን የተለመደ ነው። ያማሩ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። እሸት ቡና በእፍኟ የያዘች ሴት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን የሚፍቁ ሽማግሌ፣ ጅሬን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ሥር የቆመ ልጅ። ከግርጌ የሚጻፈው ግን ያነሣው አባል ስምና ያገኘው ደረጃ ብቻ ነው። ሴትየዋ «ቡና ለቃሚ»፣ ሽማግሌው «አባት»፣ ልጁ ደግሞ «ተስፋ» ተብለው ያልፋሉ። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም? በበኩሌ የተነሣው ሰው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ለውድድር መቅረብ የለበትም ባይ ነኝ።

«የምንወዳደረው በውበት ነው እንጂ መታወቂያ ልናወጣ ነው እንዴ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ጥሩ፣ እንግዲያው ስለ መታወቂያው ጉርድ ፎቶ እናውራ። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ከፍሎ ይነሣል፤ ካልወደደው ይደገምልኝ ይላል፤ ሲታጠብለትም ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ የተነሣው ሰው ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን የየቤተሰቡን የድሮ ፎቶዎች ሰብስቦ ያሳተመ ነው፤ ከነታሪካቸው ስለሆነም ደስ ይላሉ። በውድድር ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሥዕሉም ሽልማቱም ያንሺው ይሆናል፤ ሴትየዋ ቅርጫቷን አንሥታ ትሄዳለች።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ዶሮቲያ ላንግ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ፣ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። እናቲቱ እኛ ዘንድ ለቡና ለቀማ እንደሚመጡት ሴቶች ሰብል ተከትላ የምትዞር ሠራተኛ ነበረች። ፎቶግራፉ «ስደተኛዋ እናት» ተብሎ በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ። ላንግ ግን ስሟን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦዌንስ ቶምሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው በ1978፣ ማለትም ከ42 ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ምነው ባላነሣችኝ፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ አላገኘሁበትም ብላ ተናገረች። ወደ አገራችንም ብንመለስ ያው ነው። ብርሃን ወልዱ እ.ኤ.አ. በ1984ቱ ረኃብ ልትሞት ስታጣጥር የተቀረጸች ሕፃን ነበረች። በ1985 በላይቭ ኤይድ ዝግጅት ዓለም ፊቷን አይቶ አለቀሰ፤ ስሟን ግን ስንቱ ያውቅ ነበር? በ2005 ለንደን ላይ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ስትቆም ነው ብዙው ሰው በስሟ የሰማት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሙሉጌታ አየነ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበትን የአውሮፕላን አደጋ ስፍራ አንሥቶ በ2012 ዓ.ም. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ተሸልሟል። ከሥዕሎቹ አንዱ አፈር በፊቷ ላይ የምትበትን ሐዘንተኛ ሴት ያሳያል። እሷን ስምሽ ማነው ብሎ መጠየቅ ይገባል? አይገባም እላለሁ፤ ሐዘንተኛ አይጠየቅም። ቢሆንም ቦታው፣ ቀኑና ያስለቀሳት ነገር አብሮ ተጽፏል። ሥዕሉ «ሐዘን» ብቻ ተብሎ አልተለጠፈም። የእኛዋ ቡና ለቃሚ ግን ሐዘን ላይ አይደለችም፣ ሥራ ላይ ናት፤ ብትጠየቅ በደስታ ትነግራለች።

ደግሞም የጠየቀ ሰው ከስም በላይ ያገኛል። እፍኝ ሙሉ ቀይ ፍሬ ለዓይን ያምራል እንጂ ስለ ቡና ብዙም አያስተምርም። ሴትየዋን ያነጋገረ ሰው የቀላውን እየመረጡ አንዱን ዛፍ ደጋግመው እንደሚመለሱበት፣ ያልቀላው ሲደባለቅ ጣዕሙን እንደሚያበላሸው፣ እሸቱ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚያነሣው ፎቶ ሌላ ይሆናል፤ ምናልባት ከእፍኟ ይልቅ አረንጓዴውን ለይታ የምትጥልበትን ጣቷን ያነሣል። እኛ ነገ መምህራን ነን፤ እንዲህ ያለው ሥዕል ክፍል ውስጥ ቢሰቀል ግሩም የትምህርት መርጃ ነው። ተማሪው የገዛ እናቱን ግድግዳ ላይ «ድህነት» ተብላ ቢያያት ግን ምን ብለን እናስረዳዋለን?

ቋንቋ አንችልም የሚሉ አሉ። «መቃን ኬሰን ኤኙ?» ብሎ በአክብሮት ስም መጠየቅ እኮ የአንድ ቀን ትምህርት አይሞላም፤ አወቱ መንደራ ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሁሉ ይችለዋል። አልነሣም ካሉም ካሜራውን ማውረድ ነው።

እንግዲህ ለክበቡ ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በውድድሩ ቅጽ ላይ «የተነሣው ሰው ስምና ፈቃድ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር፤ ያሸነፈው ፎቶም በሁለት ቅጂ ይታጠብ፣ አንዱ ለግድግዳው፣ ሌላው ለተነሣው ሰው። ቅጂውን ወደ ማናም ሆነ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ራሱ ተሸላሚው ይሁን፤ የመኪናውን ከሽልማቱ ይክፈል።