ምስጢር ጠባቂው ማን ነው? የጤፍ ውል ያስተማረን

በምዕራብ ጎጃም በውል ማምረት አዲስ ነገር አይደለም። የበቆሎ ዘር የሚያባዛውም ሆነ አኩሪ አተር ለገዥ የሚያቀርበው አርሶ አደር ይፈርማል። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለዚህ ትስስር ሌላ ምክንያት ሆኗል። በውሉ ላይ ዋጋው፣ መጠኑና የርክክቡ ጊዜ ይጻፋል፤ አንዳንዴም “ተዋዋዮች ምስጢር ይጠብቃሉ” የምትል መስመር ትገባለች። ተዋዋዩ ግን ማን ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የጤፍ ታሪክ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም የያኔው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ ኤች ፒ ኤፍ አይ ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ተዋዋሉ። ኩባንያው ከሚያገኘው ጥቅም ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ቃል ገባ፤ ነገር ግን በ2001 ዓ.ም ከሰረ። የኩባንያው ሰዎች በሌሎች ድርጅቶች ስም በጤፍ ሥራ ሲቀጥሉ፣ ውሉን የፈረመው የከሰረው ብቻ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም የጤፍ ዱቄት ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ ቢያደርገውም፣ ክርክሩ በኩባንያዎች መካከል ነበር፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1731 መሠረት ውል በተዋዋዮች ላይ እንደ ሕግ ይጸናል፤ አንቀጽ 1952 ደግሞ ውጤቱን በእነርሱው መካከል ይወስነዋል። እህት ኩባንያው፣ የሽያጭ ወኪሉ፣ ነገ ድርጅቱን የሚገዛው ባለሀብት አልፈረሙም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን የንግድ ምስጢር ያለ ፈቃድ ማውጣትን ቢከለክልም፣ የሚናገረው ለነጋዴ ነው። የአርሶ አደሩን ስም፣ ስልክና የማሳ ስፋት የያዘው መዝገብ ግን በብዙ እጅ ያልፋል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ከገበዝ ማርያም ተነሥቶ አቤቱታን እስከ አዲስ አበባ ከማድረስ፣ በውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይቀላል።

ዓረፍተ ነገሩ “ኩባንያው፣ ሠራተኞቹ፣ ወኪሎቹ፣ እህት ድርጅቶቹና መብቱ የሚተላለፍላቸው ሁሉ” ብሎ ቢጀምር ይበጃል። እነዚህ ሰዎች ስላልፈረሙ፣ ኩባንያው እነርሱን በጽሑፍ እንዲያስገድድና ጥፋታቸውን የራሱ አድርጎ እንዲቀበል አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ትርጉም በአርሶ አደሩም ላይ ይሠራልና ጥንቃቄ ይሻል። በማኅበር የተዋዋሉ ከሆነ ምስጢር የሚጠብቀው ሊቀ መንበሩ ነው ወይስ አባላቱ በሙሉ? “ማንም አባል ለማንም አይናገርም” የሚል ውል ዋጋን ከጎረቤት ማነጻጸርን፣ የግብርና ባለሙያን ማማከርን ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ቃል የሚጠብቀው ምስጢርን ሳይሆን ዝቅተኛ ዋጋን ነው። ስለዚህ ለሕግ አማካሪ፣ ለባለሙያና ለፍርድ ቤት መናገር የተፈቀደ መሆኑ ከፊርማው በፊት በጽሑፍ ይስፈር።